በማናምነው መሣሪያ ቁልፍ ስናወጣ የምንሠራቸው ስህተቶች

የተማሪዎችን የኳንተም ቁልፍ ስርጭት (ሁለት ሰዎች መልእክታቸውን የሚቆልፉበትን የጋራ ምስጢራዊ ቁልፍ በኳንተም መሣሪያዎች የሚያወጡበት ዘዴ) ስሌት ሳርም አንድ ስህተት ደጋግሞ ይመጣብኛል፦ የጠፉ ፎቶኖችን (የብርሃን ቅንጣቶችን) ከቁጥር ማውጣት።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሣሪያውን ሰላዩ ራሱ ሠርቶ ቢሸጥላችሁ እንኳ ምስጢራዊ ቁልፍ ልታወጡበት ትችላላችሁ። ዋስትናው የቤል ፈተና ነው፦ በሁለቱ ወገን ያሉትን መሣሪያዎች በዕጣ የተመረጡ ጥያቄዎች እየጠየቅን፣ መልሶቻቸው ምን ያህል እንደሚጣጣሙ ነጥብ እንሰጣለን። መልሱን አስቀድሞ ያጠና መሣሪያ በዚህ ፈተና ከ2 በላይ አያመጣም። ኳንተም ግን እስከ 2.83 ገደማ ይደርሳል። ነጥቡ ከ2 ካለፈ ሰላዩ ሁሉንም መልስ አያውቅም ማለት ነው።

ተማሪው ታዲያ ግማሹ ፎቶን ጠፍቶበት፣ የተያዘውን ብቻ ቆጥሮ «2.7 አገኘሁ!» እያለ ይመጣል። እባካችሁ ተዉ! ያላወቀውን ጥያቄ ባዶ ትቶ «በመለስኩት ብቻ ይታረምልኝ» የሚልን ተፈታኝ ማን ይቀበለዋል? የሰላይ መሣሪያም ጥያቄው ካልተመቸው ዝም ይላል፣ ፎቶኑ የጠፋ ይመስላችኋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ተመራማሪዎች ገበያ ላይ የነበሩ ሁለት መሣሪያዎችን ያጠቁት በዚሁ መንገድ ነው። ዲቴክተሩን (ፎቶን የሚይዘውን ክፍል) በኃይለኛ ብርሃን አሳወሩት። ከዚያ በኋላ የሚናገረው ለሰላዩ ሲመቸው ብቻ ሆነ። ስለዚህ ዝምታውንም እንደ መልስ ቁጠሩት። በተለመደው ፈተና ከ2 ለማለፍ ብቻ እንኳ ከ100 ፎቶን 83 ያህሉ መያዝ አለበት። እኔም ጀማሪ ሳለሁ አንድ ወር ሙሉ በእንዲህ ያለ ውጤት ስደሰት ከርሜ፣ አማካሪዬ «የጠፉትስ የት አሉ?» ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ።

«መሣሪያውን አናምንም» ማለት ምንም አናምንም ማለት አይደለም። ውስጡ ሬዲዮ ተደብቆ ቁልፉን ወደ ውጭ የሚልክ ከሆነ የትኛውም ነጥብ አያድናችሁም። ክፍሉ ዝግ ይሁን። የምትጠይቁትንም መሣሪያው ሊገምተው በማይችል ዕጣ ምረጡ።

በመስመሩ ማዶ ያለው ማን እንደሆነ ሳታረጋግጡ አትጀምሩ።

አንዱን መሣሪያ ደግሞ ደጋግማችሁ አትጠቀሙበት። የትናንቱን ቁልፍ አስታውሶ፣ ነገ በግልጽ በምትለዋወጡት መልእክት ውስጥ ሊያሾልከው ይችላል። ይህን ባሬት፣ ኮልቤክና ኬንት በ2013 አሳይተዋል።

በጥቂት ዳታም አትቸኩሉ። በ2022 ኦክስፎርድ ውስጥ 2 ሜትር ያህል በተራራቁ ሁለት አየኖች (ኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው አተሞች) 95,628 ቢት ቁልፍ ለማውጣት 8 ሰዓት ገደማ ፈጅቷል። በዚያው ዓመት ሙኒክ ላይ በ400 ሜትር ርቀት በቤል ፈተና 2.578 ተገኘ። በጣም ጥሩ ነጥብ ነው። ዳታው ስላነሰ ግን ቁልፍ አላወጡበትም፤ ይህንኑም በግልጽ ጻፉት።