የራስዎን ሊኑክስ አዘጋጅተው ሲያጋሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ የንግድ ምልክት ስህተቶች

ኡቡንቱ ወይም ፌዶራ በተባሉት የሊኑክስ ሲስተሞች ላይ የአማርኛ ኪቦርድና ፎንት ጭኖ፣ ለተማሪ የሚሆኑ ፕሮግራሞች ጨምሮ ለሌሎች ማካፈል መልካም ሥራ ነው፤ የኮዱ ፈቃድም ይህን ይፈቅዳል። ስሙና ዓርማው ግን በሌላ ሕግ ነው የሚተዳደሩት።

“ጂፒኤል ስለሆነ ሁሉም ተፈቅዷል” ማለት

ጂፒኤልን የመሰለ የኮድ ፈቃድ የሚመለከተው ኮዱን ነው። ሌላው የታወቀ የኮድ ፈቃድ፣ አፓቺ 2.0፣ በአንቀጽ 6 የባለቤቱን የንግድ ስም የመጠቀም መብት እንደማይሰጥ በግልጽ ይናገራል። ፌዶራ የሚለው ምልክት የሬድ ሃት ኩባንያ፣ ኡቡንቱ ደግሞ የካኖኒካል ኩባንያ ነው። ሊኑክስ የሚለው ቃል ራሱ የሊነስ ቶርቫልድስ የንግድ ምልክት ነው።

ስክሪፕትንና አይኤስኦን አንድ አድርጎ ማየት

የኪክስታርት ፋይል ወይም የአንሲብል ስክሪፕት (ሲስተሙን በራሱ የሚጭን ወይም የሚያስተካክል የትእዛዝ ዝርዝር) ሲያጋሩ፣ ተቀባዩ ዋናውን ሲስተም ከባለቤቱ አውርዶ በገዛ ማሽኑ ላይ ያስተካክለዋል። አይኤስኦ (ሙሉው ሲስተም ለመጫን ተዘጋጅቶ የታሸገበት ፋይል) ሠርተው ቴሌግራም ላይ ሲለቁ ወይም በፍላሽ ሲያድሉ ግን የተለወጠ ምርት በሌላ ሰው ስም እያከፋፈሉ ነው። ካኖኒካል ለግል ወይም ለድርጅት ውስጥ አገልግሎት መለወጥን ይፈቅዳል፤ የተለወጠውን ከነምልክቱ ለማሰራጨት ግን የእሱን ይሁንታ ይጠይቃል። ስለዚህ በስክሪፕት የሚያልቅ ሥራ ከሆነ ስክሪፕቱን ብቻ ያጋሩ።

“ሸገርቡንቱ” ብሎ መሰየም

የካኖኒካል ፖሊሲ በ“ቡንቱ” የሚያልቁ ስሞችንም ይመለከታል። ለሥራዎ የራሱን ስም ይስጡትና ከሥር “በኡቡንቱ ላይ የተመሠረተ” ብለው ይግለጹ። ፌዶራ እዚህ ላይ ቸር ነው፤ መመሪያውን እስካከበሩ ድረስ “ፌዶራ ሪሚክስ” የሚለውን መጠሪያ ያለ ልዩ ፈቃድ መጠቀም ይቻላል።

የዴስክቶፑን ምስል ቀይሮ “ጨረስኩ” ማለት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዓርማው ኮምፒውተሩ ሲከፈት ሲስተም በሚመረጥበት የግራብ ሜኑ፣ ሲስተሙ ሲነሳ በሚታየው የፕሊማውዝ ምስል፣ በመግቢያው ገጽ፣ በጫኚው ፕሮግራምና በሴቲንግስ “አባውት” ገጽ ላይ ይቀራል። ፋይሎቹን አንድ በአንድ በእጅ ማጥፋት አያዋጣም፤ የመጡበት ፓኬጅ (የፕሮግራም ጥቅል) አፕዴት ሲደረግ ይመለሳሉ። ፌዶራ ላይ “ፌዶራ-ሎጎስ” እና “ፌዶራ-ሪሊዝ” የተባሉትን ፓኬጆች “ጀነሪክ-ሎጎስ” እና “ጀነሪክ-ሪሊዝ” በተባሉት ይተኳቸው፤ ለዚሁ ተብለው የተዘጋጁ ናቸው።

የሲስተሙ ማንነት የተጻፈበትን “ኦኤስ-ሪሊዝ” የሚባለውን ፋይልም አይርሱ። ስሙን፣ መለያውንና በተለይ የስህተት ማሳወቂያ አድራሻውን ወደ ራስዎ ይቀይሩ፤ አለበለዚያ እርስዎ ያበላሹት ነገር አቤቱታ ወደ ኡቡንቱ ሰዎች ይሄዳል። “አይዲ ላይክ” የሚለው መስመር ላይ ግን ኡቡንቱን ከዴቢያን ጋር ይጻፉ፤ ብዙ ስክሪፕቶች የሲስተሙን ዘር የሚያውቁት ከእሱ ነው። ኡቡንቱ ላይ ይህ ፋይል የሚመጣው ከ“ቤዝ-ፋይልስ” ፓኬጅ ስለሆነ፣ በእጅ የጻፉት ለውጥ በሚቀጥለው አፕዴት እንዳይጠፋ የራስዎን “ቤዝ-ፋይልስ” ይገንቡ። ከዚያ አይኤስኦውን በቨርቹዋል ማሽን አስነሥተው ከግራብ ጀምሮ እስከ “አባውት” ድረስ እያንዳንዱን ገጽ ይመልከቱ።

ውስጡ ያሉትን ፕሮግራሞች መርሳት

ፋየርፎክስን ለውጠው ከሆነ ያለ ሞዚላ ፈቃድ በዚያ ስም ማሰራጨት አይቻልም። ዴቢያን በዚህ ምክንያት ከ2006 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. “አይስዊዝል” በሚል ስም ሲያቀርበው ቆይቷል። ያልነኩትን ፓኬጅ እንዳለ መተው ቀላሉ መንገድ ነው።

በማስተባበያ መተማመን

“ይህ ሥራ ከካኖኒካል ጋር ግንኙነት የለውም” የሚል ዓረፍተ ነገር ማውረጃው አጠገብ በግልጽ ይጻፉ። ዓርማው አይኤስኦው ውስጥ እስካለ ድረስ ግን ጽሑፉ ፈቃድ አይሆንዎትም።