አየርላንድ ገጠር መንደር ገብታችሁ ቶሎ ለመልመድ

አየርላንድ ትንሽ መንደር ውስጥ ቤት ያገኛችሁ ልጆች፣ ሰው መጥቶ እስኪያንኳኳ አትጠብቁ። መጀመሪያ የታይዲ ታውንስ ኮሚቴ ካለ ጠይቁ፣ ከ1958 ጀምሮ ያለ የመንደሮችና የከተሞች የጽዳትና የውበት ውድድር ነው፣ ያኔ ያሸነፈችው ዶኒጎል ያለችው ግሌንቲስ ናት። ዳኞቹ በሰመር ሳይናገሩ ስለሚመጡ ሰዉ ከሥራ መልስ ጓንቱን አድርጎ ቆሻሻ ይለቅማል፣ አበባ ይተክላል፣ ግድግዳ ይቀባል፣ አንድ ማታ አብራችሁ ከወጣችሁ በስማችሁ መጠራት ትጀምራላችሁ።

ልጆች ካሏችሁ ደግሞ በቀጥታ ጂኤኤ (እንደ ኸርሊንግ ያሉ የአየርላንድ ባህላዊ ስፖርቶች ማኅበር) ክለብ አስመዝግቡ። ማኅበሩ 1884 ተርልስ ላይ የተመሠረተ ነው፣ ተጫዋቾቹ ደሞዝ የላቸውም፣ የሚጫወቱት ላደጉበት ሰፈር ነው፣ ለዛ ነው ፍቅሩ እንዲህ የሚያቃጥለው። ኸርሊንግ የእኛን የገና ጨዋታ ያስታውሳችኋል፣ በዱላ ነው የሚመታው፣ መረቡ ውስጥ የገባ 3 ነጥብ፣ ከአግዳሚው በላይ ያለፈ 1 ነጥብ፣ ይቺን ካወቃችሁ ሜዳ ዳር ቆማችሁ ማውራት ትችላላችሁ። የካውንቲያችሁ (የክፍለ ሀገራችሁ) ቡድን ደብሊን ያለው ትልቁ ስታዲየም ክሮክ ፓርክ ለፍጻሜ ሲደርስ ባንዲራውን መስኮታችሁ ላይ ስቀሉ በቃ።

ለቅሶ አትቅሩ። ብዙ ባታውቋቸውም ገብታችሁ ቤተሰቡን ተራ በተራ ጨብጡ፣ አዝናለሁ በሉ፣ ረጅም ንግግር አያስፈልግም፣ ሻይ ሲሰጧችሁም እምቢ አትበሉ።

መኪና ስትነዱ ደግሞ ከፊት የሚመጣው ሰው ከመሪው ላይ አንድ ጣት ብድግ ካደረገ ሰላምታ ነው፣ እናንተም መልሱ።