ፊልሙን ከመሀል፣ ኮንሰርቱን በጆሮ ፈትሹ

የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ቡና ተፈልቶ፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ፣ «ይሄ አይሰራም፣ ያኛውም እምቢ አለ» እያሉ ፍላሽ መነካካት ያናድዳል። ባለፈው ደረሰብኝ። ወንድሜ ፊልምና የሙዚቃ ኮንሰርት ቀላቅሎ በአንድ ፍላሽ ከአዲስ አበባ ላከልኝ። ግማሹ አልከፍት አለ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ከመሰብሰቡ በፊት ማታውኑ እፈትሻለሁ። ፊልም ከሆነ መጀመሪያውን አላይም። መሀሉንና መጨረሻውን ዘለል ዘለል አድርጌ ነው የማየው። ሲገለበጥ የተቋረጠ ፋይል ብዙ ጊዜ አጀማመሩ ደህና ነው። ከንፈርና ድምፅ መግጠሙንም እዚያው አያለሁ።

ኮንሰርት ላይ ግን ጆሮ ይቀድማል። ምስሉ ትንሽ ቢደበዝዝ ችግር የለውም። ድምፁ ከተሰነጠቀ ግን አለቀ። ከበሮው የሚበረታበት፣ ጭብጨባው የሚደምቅበት ቦታ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጉና ስሙ። ምስል እየታየ ድምፅ ጭራሽ ከሌለ ጥፋቱ የፋይሉ ላይሆን ይችላል። ዲቲኤስ የሚባለውን የድምፅ ዓይነት የማያጫውቱ ቲቪዎች አሉ። ከመሰረዛችሁ በፊት ላፕቶፕ ላይ ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ሞክሩት።

ደግሞ ፍላሹ ፎርማት የተደረገው፣ ማለትም ፋይል እንዲይዝ የተዘጋጀው፣ ፋት32 በሚባለው ዓይነት ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ረጅምና ጥራት ያለው ኮንሰርት አልገለበጥ ሲላችሁ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ። ኤክስፋት የሚባለው ሌላው የፎርማት ዓይነት ይሻላል፤ የድሮ ቲቪ ግን ላያነበው ይችላል። ፎርማት ስታደርጉ ያለው ሁሉ ይጠፋልና አስቀድማችሁ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡት። እኔ ረስቼ የእህቴን የሰርግ ቪዲዮ አጥፍቻለሁ፣ እስካሁን ትቆጣኛለች።