ጎረቤትን ባይተዋር የሚያደርጉ ስህተቶች

«እኛ ጎጃሞች ተዋደን ነው የምንኖረው» ብሎ ወሬውን መዝጋት። ይህን የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ክርስቲያኑ ነው፤ ቁጥሩ ይበዛላ። ሙስሊሙን ወይም ፕሮቴስታንቱን ጠይቁት። ፍቅሩን አይክድም፤ የሚነግራችሁ ሌላ ነገር ግን አያጣም። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መስጊዶች የተቃጠሉት፣ የሙስሊም ሱቆች የተዘረፉት ሞጣ ነው፤ ሩቅ አገር አይደለም።

የጥር ሰርግ ላይ ሙስሊሙን ጠርቶ በሽሮ መሸኘት። አንዱ ያረደውን ሌላው እንደማይበላ የማያውቅ የለም። መላውም የቆየ ነው፤ በጉን ቀደም ብሎ ገዝቶ ለሙስሊም ጎረቤት መስጠት። እሱ ያርዳል፣ እነሱው ይሠራሉ፣ ድስቱና ቢላው ይለያል። ማዕዱን ለይቶ እንግዶቹን ጓሮ ጥግ ማስቀመጥ ግን ሌላ ስህተት ነው። ምግቡ ይለይ እንጂ ድንኳኑ ለምን ይለያል?

ሃይማኖት የቀየረን ሰው ከእድር ማስወጣት። እኔ ከሁሉም የከፋ የምለው ይህን ነው። ገጠር ላይ ሰውን ቀባሪ ማሳጣት ማለት ከአገር ማስወጣት ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያን ማኅበር የራሱ ሥርዓት አለው፤ እሱን ማንም አይነካውም። እድር ግን የመንደር ነው፤ መዋጮ የከፈለ ሁሉ ድንኳንና ለቀስተኛ ይገባዋል። የቀብር ቦታ ደግሞ የእድሩ ሥራ ብቻ አይደለም። አስከሬን ቤት ተኝቶ መሬት ፍለጋ መሯሯጥ እንዳይመጣ፣ ቀበሌው አስቀድሞ ቦታ ይከልል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ላይ የሃይማኖት ነፃነት ሲል የሞተን ሰው አይጨምርም እንዴ?

የነገደ ወይጦን ታንኳ ፎቶ አንስቶ ቡናቸውን አለመጠጣት። ጣና ዳር ደንገል አስረው ታንኳ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ሙስሊሞች ናቸው፤ ግን ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሲርቃቸው ኖሯል። ስለዚህ ይህ ስህተት የክርስቲያኑ ብቻ አይደለም።

የአንድ ሰውን ጥፋት ለሃይማኖቱ ማሸከም፣ ከዚያም ፌስቡክ ላይ ሼር ማድረግ። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ላይክና ታግ ማድረግን አይነካም፤ የጥላቻ ንግግር ማሰራጨትን ግን ይከለክላል። «እንዲህ ሆነ» የሚል ወሬ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ ሆነ የተባለበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ደውሉ። ቢቻል ለሌላኛው እምነት ተከታይ።