የጓሮ አትክልትና ፍራፍሬ መቼና እንዴት ይለቀማል?

እኔ ኮምቦልቻ ነኝ፣ እናቴ ደሴ። አንድ ሰሞን ቲማቲም ብንተክልም እኔ ለቅሜ ስበላ የእሷ ገና አረንጓዴ ነው። በመሐላችን ያለውን የሐረጎ ዳገት ሲወጡ ብርዱ ይጨምራላ! ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ስለዚህ በዘሩ ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን ቀን ብዙ አትመኑት። ፍሬውን እዩት።

መጀመሪያ ሰዓት ምረጡ። ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ በማለዳ ይቆረጣሉ፤ ቀትር ላይ ከሆነ ወዲያው ይጠወልጋሉ። ጎመን ከታች ከታች ይቀነጠባል። መሐሉን ካልነካችሁት ለወራት ያበላችኋል።

ለቲማቲምና ለቃሪያ ግን ጤዛው ይድረቅ። እርጥብ ቅጠል እየነካኩ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ በሽታ ማዛመት ነው።

ቲማቲም ላይ ትዕግስት አያዋጣም። ድብን ብሎ እስኪቀላ ስጠብቅ ወፍ ይቀድመኛል። አሁን ከታች በኩል መቅላት ሲጀምር ለቅሜ ካርቶን ውስጥ ከበሰለ ሙዝ ጋር አስቀምጠዋለሁ። ሙዙ የሚያወጣው ኤትሊን የሚባል ጋዝ ቶሎ ያበስለዋል። እናቴ «ሙዝና ቲማቲም ምን አገናኛቸው?» ብላ ስቃብኝ ነበር። ዘንድሮ እሷም ካርቶን አዘጋጅታለች። ፍሪጅ ውስጥ ግን አታስገቡት፣ ጣዕሙ ይጠፋል።

ቃሪያን በመቀስ ቁረጡ፤ ሲጎትቱት ቅርንጫፉ ይገነጠላል። ቶሎ ቶሎ ከተለቀመ ቶሎ ቶሎ ያፈራል።

ሽንኩርት ግማሽ ያህሉ ቅጠሉ ሲተኛ ውሃ ይቁም። ከዚያ ነቅላችሁ ነፋስ በሚገባበት ጥላ አድርቁት። ድንች ደግሞ አንዱን አውጥታችሁ በአውራ ጣት እሹት፤ ልጣጩ ካልተነሳ ደርሷል። ስትቆፍሩ ከሥሩ ራቅ በሉ። አምና እኔ በዶማ ብዙውን ወግቼው ሳምንቱን ሙሉ ድንች በድንች ሆነን ሰነበትን። ብርሃን ላይም አታቆዩት። አረንጓዴ የሆነ ድንች መርዝ አለው።

ፓፓያ ቢጫ መስመር ሲያወጣ ይወርዳል። አቮካዶ ግን ዛፉ ላይ አይለሰልስም። አንድ ሁለት አውርዳችሁ ቤት አቆዩ፤ ሳይጨማደድ ከለሰለሰ የቀረውም ደርሷል ማለት ነው። መሬት የወደቀ ይጠቁራል፣ ስለዚህ ከሥር ጆንያ የሚዘረጋ ሰው ያስፈልጋል። እኛ ቤት ይህ የጎረቤት ልጆች ሥራ ነው፤ ክፍያቸውም ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት አቮካዶ።