ለአካባቢው አትክልት የሚሸጥ የቤተሰብ እርሻ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለጅምላ የሚያመርት እርሻ ሰብሉን በአንድ ጊዜ ሰብስቦ፣ ጭኖ ይገላገላል። ለጎረቤትና ለአካባቢ ደንበኛ የሚያመርት ቤተሰብ ግን እንዲህ አይሆንለትም። ደንበኛው በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይፈልጋል፤ ሌላ ቦታ ከመሄድ ይልቅ ወደ እርሻው የሚመጣውም አትክልቱ ትኩስ ስለሆነ ነው። ከታች ከተዘረዘሩት ስህተቶች ብዙዎቹ የሚመጡት ይህን ልዩነት ከመርሳት ነው።

ዘሩን ሁሉ በአንድ ቀን መዝራት

መሬቱ ተዘጋጅቶ፣ ውሃው ተገኝቶ ሳለ ያለውን ዘር ሁሉ መጨረስ ደስ ይላል። ችግሩ የሚታየው ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ነው። 400 ራስ ሰላጣ በአንድ ሳምንት ይደርሳል፤ ደንበኞች 60 ብቻ ይወስዳሉ፤ የቀረው በሙቀት ግንድ አውጥቶ ያብባል፣ ይመርራል። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ለብዙ ሳምንት የሚሸጥ ሰላጣ የለም።

መፍትሔው ከሽያጩ ቀን ወደ ኋላ መቁጠር ነው። በሳምንት 60 ራስ የሚሸጥ ከሆነ 75 ችግኝ ይትከሉ፤ ከአምስቱ አንዱ በተባይ፣ በበሽታ ወይም በመጠን ማነስ ቢቀር እንኳ ቁጥሩ ይሞላል። መደቡ 1.20 ሜትር ስፋት ኖሮት በአራት መስመር፣ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ከተተከለ ለ75ቱ የሚያስፈልገው ርዝመት 6 ሜትር አይሞላም። እንዲህ ያለውን ትንሽ ቁራጭ በየሳምንቱ መትከል አንድ ትልቅ ማሳ ከመሙላት ይሻላል። ፎሶሊያና ካሮት በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ ቢዘሩ ይበቃል። ቲማቲምና ቃሪያ ለረጅም ጊዜ ስለሚለቀሙ በየሳምንቱ መትከል አያስፈልጋቸውም።

ቀን ብቻ ቆጥሮ መዝራትም ያሳስታል። አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ዘግይቶ የተዘራው በፍጥነት አድጎ የቀደመውን ይደርስበታል፤ ሁለቱ ዙሮች አብረው ይደርሱና ነገሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል። እንደ ፎሶሊያ ላለው ቀላሉ ዘዴ፣ የፊተኛው ዙር በቅሎ የመጀመሪያዎቹን እውነተኛ ቅጠሎች (ከዘር ቅጠሎቹ ቀጥለው የሚወጡትን) ሲዘረጋ ቀጣዩን መዝራት ነው።

በፀሐይ መቁረጥ፣ በፀሐይ ማስቀመጥ

አትክልት ከተቆረጠም በኋላ ይተነፍሳል። በሚተነፍስበት ጊዜ ያጠራቀመውን ስኳር ያቃጥላል፣ ሙቀት ያወጣል፤ ውሃውንም በቅጠሉ በኩል ያጣል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ይህ አተነፋፈስ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይፈጥናል። ስለዚህ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ተቆርጦ ሳጥን ውስጥ የተቆለለ ቆስጣ ገበያ ሳይደርስ ይጠወልጋል። ውሃ ቢረጩበት ለጊዜው ቀና ይላል እንጂ የጠፋው ዕድሜው አይመለስም።

ቅጠላ ቅጠል ጎህ ሲቀድ ይቆረጥ። የተቆረጠው ወዲያው ጥላ ውስጥ ይግባ፤ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ይነከር፤ ውሃው በደንብ ይንጠፍጠፍ፤ ከዚያ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን። ማንጠፍጠፉን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ውሃ ያቆረ ቅጠል ከረጢት ውስጥ ሲገባ በማግስቱ ይዝለገለጋል።

ይህ ሕግ ግን የማይሠራበት አንድ ሰብል አለ። ፎሶሊያ ጤዛው ሳይደርቅ አይለቀምም። ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ በመካከሉ የሚመላለስ ሰው የባክቴሪያ በሽታን በእጁና በልብሱ ከተክል ወደ ተክል ያዳርሳል።

ቀጥሎ የሚመጣው ስህተት ሁሉንም አንድ ማቀዝቀዣ ውስጥ መክተት ነው። ሰላጣ፣ ጥቅል ጎመንና ካሮት ወደ 0 ዲግሪ የተጠጋ ቅዝቃዜና ከፍተኛ እርጥበት ይወዳሉ። ቲማቲም ግን ከ12 ዲግሪ በታች ብዙ ቀን ከቆየ ጣዕሙ ይጠፋል፣ ያልበሰለውም በወጉ ሳይቀላ ይበሰብሳል። ኪያር ከ10 ዲግሪ በታች ሲቆይ ቆዳው ይሰረጉዳል። ቲማቲሙን ከሰላጣው አጠገብ ማስቀመጥም አይበጅም፤ የሚበስል ፍሬ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ በሰላጣው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ያመጣል፣ ኪያሩን ያቢጫል፣ ካሮቱን ያመርራል። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤተሰብ እንኳ ሁለት ጥላ ያላቸው ቦታዎችን ለይቶ፣ አንዱን እርጥብ አንዱን ደረቅ አድርጎ መያዝ ይችላል።

ስለ ማጠብ ደግሞ አንድ ብዙም የማይነገር ነገር አለ። ከማሳ በሙቀቱ የመጣን ቲማቲም በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መንከር አደገኛ ነው። ፍሬው ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ከተክሉ በተቀነጠሰበት ጠባሳ በኩል ውሃውን ከነጀርሙ ይስባል። የሚታጠብ ከሆነ ውሃው ከፍሬው ትንሽ የሞቀ ይሁን። ለማቆየት የታሰበ ድንችና ሽንኩርት ግን ጭራሽ አይታጠብም፤ አፈሩ ሲደርቅ ማራገፍ ይበቃል። ድንች ብርሃን ካገኘ ስለሚያረነጉድና መርዛማ ንጥረ ነገር ስለሚያበዛ ጨለማ ይፈልጋል። ካሮት ከነቅጠሉ ቢያምርም፣ ቅጠሉ ከሥሩ ውሃ ስለሚስብ በዚያው ቀን ለሚሸጠው ብቻ ይተዉት፤ የቀረውን ቆርጠው ያስቀምጡ።

«ትንሽ ይደግ» ብሎ መተው

ዝኩኒና ኪያር በየቀኑ ወይም ቢበዛ በየሁለት ቀኑ ይለቀማሉ። ዝኩኒ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ለሽያጭ ምርጥ ነው። አንድ ፍሬ ተረስቶ ዘሩ ከጎመራ ተክሉ ጉልበቱን ሁሉ ለዚያ ዘር ያውላል፤ አዲስ አበባ ማውጣቱ ይቀንሳል። የገዘፈው ፍሬ ገዢ ባያገኝም ተቆርጦ ይውጣ።

ውሃን አንዴ አብዝቶ፣ አንዴ መንሳት

የቲማቲሙ የታችኛው ጫፍ ጠቁሮ ሲሰረጉድ ብዙዎች በሽታ ነው ብለው መድኃኒት ፍለጋ ይሮጣሉ። በሽታ አይደለም፤ ካልሲየም ፍሬው ጫፍ ድረስ አለመድረሱ ነው። ካልሲየም አብዛኛውን ጊዜ አፈሩ ውስጥ አለ። የሚጎድለው ተሸክሞ የሚያደርሰው ውሃ ነው፤ መሬቱ አንዴ ደርቆ አንዴ ሲጥለቀለቅ ጉዞው ይቋረጣል። የፍሬው መሰንጠቅም መነሻው ይኸው ነው፤ ከድርቀት በኋላ ድንገት ብዙ ውሃ ሲያገኝ ሥጋው ከቆዳው ቀድሞ ያብጣል።

ለመነሻ ያህል አብዛኛው አትክልት በሳምንት 25 ሚሊ ሜትር ውሃ ቢያገኝ ደህና ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በካሬ ሜትር አንድ ሊትር ስለሆነ፣ 10 ካሬ ሜትር መደብ በሳምንት 250 ሊትር ይፈልጋል ማለት ነው። ዝናብ ከጣለ ይቀነሳል፤ አየሩ ከጋለ ወይም አፈሩ አሸዋማ ከሆነ ይጨመራል። ውሃውን በሁለት ወይም በሦስት ቀን ይከፋፍሉት። ከዚህ ስሌት በላይ ግን የሚታመነው ጣት ነው፤ አፈሩን 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ጫር አድርገው ይንኩት። ላዩ ደርቆ ሥሩ እርጥብ ከሆነ ገና ነው።

ማታ ከላይ መርጨት ቅጠሉን ሌሊቱን ሙሉ አርጥቦ ያሳድረዋል፤ የቲማቲምና የድንች ዋግ ከዚህ የተሻለ ግብዣ አያገኝም። ሥር ሥሩን፣ ጠዋት ያጠጡ።

ጥሬ ፍግ መደቡ ላይ መበተን

ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛው የጤና ነው፤ ጥሬ ፍግ ሰው የሚያሳምሙ ባክቴሪያዎችን ይይዛል፣ ሰላጣ ደግሞ ጥሬውን ይበላል። በብዙ ቦታ የሚሠራበት ልክ እንዲህ ነው፦ የሚበላው ክፍል አፈር የሚነካ ከሆነ፣ ለምሳሌ ካሮትና ሰላጣ፣ ፍጉ መሬት ውስጥ ከገባ እስከ አጨዳው ቢያንስ 120 ቀን፤ አፈር የማይነካ ከሆነ 90 ቀን። ሁለተኛው የምርት ጉዳት ነው፤ ትኩስ ፍግ ያለበት መሬት ላይ የተዘራ ካሮት ሥሩ ይከፋፈላል፣ ጸጉር ያወጣል። ፍጉን ከገለባ ጋር ከምሮ፣ ውስጡ 55 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሆኖ ቢያንስ ለ15 ቀን እንዲቆይ፣ በመካከሉም አምስት ጊዜ እያገላበጡ ማብሰል ሁለቱንም ችግር ያቃልላል። መገላበጡ ዳር ያለው ወደ መሃል ገብቶ እንዲግል ነው። ሙቀቱን በቴርሞሜትር ይለኩ፤ ጭስ መውጣቱ ብቻ ማስረጃ አይሆንም።

ዘመዳሞችን ማፈራረቅ

«ባለፈው ቲማቲም ስለነበረ ዘንድሮ ድንች» ማለት ማፈራረቅ አይደለም። ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያና ደበርጃን አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ብዙውን በሽታ ይጋራሉ። ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመንና ብሮኮሊም እንዲሁ። አንድ ቤተሰብ ወደ አንድ መደብ ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በፊት ባይመለስ ጥሩ ነው። ይህን በቃል መያዝ አይቻልምና መደቦቹን ቁጥር ሰጥተው ንድፋቸውን ወረቀት ላይ ያስፍሩ።

የቤተሰቡን ድካም ከሂሳብ ማውጣት

ዘርና ማዳበሪያ ይመዘገባል፤ የእናትና የልጆች ሰዓት ግን «የራሳችን ነው» ተብሎ ይታለፋል። በዚህ ምክንያት ፎሶሊያ አትራፊ ይመስላል። አንድ ሳምንት ብቻ፣ ማን ስንት ሰዓት ለቅሞ፣ አጥቦና ጠቅልሎ ስንት ኪሎ እንደወጣ ይመዝግቡ። ሦስት ሰዓት የፈጀ 12 ኪሎ ፎሶሊያና ሦስት ሰዓት የፈጀ 60 ኪሎ ጥቅል ጎመን ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ በኪሎ ዋጋ ምን ያህል መለያየት እንዳለባቸው ራሱ ወረቀቱ ይናገራል። የቱን ሰብል መተው እንደሚያዋጣም ከዚያው ላይ ይነበባል።

ከሚያመርቱት በላይ ቃል መግባት

ደንበኛ ቀድሞ ከፍሎ በየሳምንቱ አንድ ሳጥን አትክልት የሚወስድበት አሠራር ለቤተሰብ እርሻ ይመቻል፤ ገንዘቡ በዘር ወቅት ይገኛል። ፈተናው የመጀመሪያው ዓመት ነው። 40 ሰው ልመዝገብ ቢል እንኳ 15 ብቻ መቀበል ይሻላል፤ የተረፈው ምርት ሌላ ቦታ ይሸጣል፣ የጎደለ ሳጥን ግን የሚሞላበት የለም። ሳጥኑ ውስጥ ሦስት ዓይነት ቅጠል በአንድ ላይ አይግባ፤ አንድ የሚሰነብት ሥራ ሥር፣ አንድ ፍሬ፣ አንድ ቅጠልና አንድ ማጣፈጫ ቢሆን ደንበኛው ሳይበላሽበት ይጨርሰዋል።

ማምሻውን ዋጋ መጣልም ይታሰብበት። በየጊዜው ከተደረገ ደንበኛው ጠዋት መምጣቱን ትቶ ማምሻውን ይጠብቃል። የተረፈውን ለይቶ፣ ለድልህና ለደረቅ የሚሆነውን ለዚያ ማዋል፣ የማይሆነውን ለከብት ወይም ለኮምፖስት መስጠት ይሻላል፤ የተረፈውንም በኪሎ መዝግቦ የሚቀጥለውን ዙር የዘር መጠን በዚያ ልክ መቀነስ ነው።