ለየት ያለ ዲዛይን ያለው ቬሎ ስትመርጪ ተጠንቀቂ፦ የጅማ ሙሽሮች ደጋግመው የሚሰሯቸው ስህተቶች

ጥር ሲቃረብ፣ ደሞ ከፋሲካ በኋላ፣ ጅማ ውስጥ ቬሎ የማይወራበት ቤት የለም። ድሮ ቬሎ ማለት ነጭ፣ ሰፊና ብልጭልጭ ነበር በቃ። አሁን ግን ሙሽሮች ስልካቸውን ከፍተው የሚያሳዩኝ ኬፕ (ከትከሻ ወደኋላ የሚወርድ ካባ መሰል ጨርቅ) ያለው፣ ጀርባው ክፍት፣ እጅጌው የሚነቀል፣ ላባ ያለው፣ ሮዝ፣ እንዲያውም ጥቁር ምናምን ነው። እኔ ደስ ይለኛል፣ ነጩ ራሱ እኮ ከሰማይ የወረደ ትዕዛዝ አይደለም፣ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1840 ነጭ ለብሳ ካገባች በኋላ ነው ፋሽኑ እንዲህ የተስፋፋው። ግን ስፌት ስራዬ ስለሆነ ሰርጉ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው እንባ እንባ እያላቸው የሚመጡትን አያለሁ፣ ቬሎው ያምራል፣ የሰርግ ቀን ምን እንደሚያጋጥመው ግን ማንም አላሰበበትም።

ፎቶ አይቶ ቀብድ መላክ

ቴሌግራም ላይ ያየሽው ቬሎ ሞዴሏ ላይ ልክክ ያለው ብዙ ጊዜ ከጀርባዋ በመቆንጠጫ ተይዞ ነው፣ አንቺ የምታዪው ፊቱን ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ የምትከራዪም ሆነ ከውጭ የምታስመጪ ከሆነ ሰው ለብሶት ሲራመድ፣ ሲቀመጥና ሲዞር በቪዲዮ ይላኩልሽ፣ ውስጡንም ገልብጠው ያሳዩሽ። በተለይ ያ ለየት ያለው ነገር የተያያዘበትን ቦታ፣ ላባው ወይም ዶቃው በክር ነው የተሰፋው ወይስ በሙጫ ነው የተለጠፈው? ሙጫ ከሆነ ላብና ካውያ ያላቅቁታል፣ ደሞ 350 ኪሎሜትር ገደማ መንገድ ተጣጥፎ መጥቶ መተኮሱ አይቀርም። ይሄን ስትጠይቂ የሚነጫነጭ አከራይ ካለ ሌላ ፈልጊ።

"የቆዳ ቀለም" የሚባለውን መረብ እንዳለ መቀበል

ይሄኛውን ማንም አይነግርሽም። ከውጭ የሚመጡት ቬሎዎች ደረታቸውና ጀርባቸው ላይ ቆዳ መስሎ እንዲጠፋ የተሰራ ስስ መረብ አላቸው፣ ጥልፉ ገላሽ ላይ የተሳለ እንዲመስል ነው ሃሳቡ። ችግሩ መረቡ የፈረንጅ ቆዳ ታስቦ የተቀለመ ነው፣ እኛ ጠይሞቹ ስንለብሰው ፋሻ የተጠቀለለ ይመስላል፣ ፎቶ ላይ ደሞ ይብሳል። የምታሰፊ ከሆነ ለሰፊዋ የክንድሽን ቀለም አሳያትና ቡናማ መረብ ትፈልግልሽ። የተገዛ ከሆነ መረቡን አስቀይሪው፣ ወይም መረቡ ናይለን ከሆነ በሻይ ወይም በቡና ውሃ ይጠቁራል (የቡና አገር ልጅ ሆነሽ ይሄ አይቸግርሽም)፣ ፖሊስተር ከሆነ ግን ቀለሙን አይቀበልም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ከስፌቱ ውስጥ ትርፍ ቁራጭ ቆርጠሽ ሞክሪ። የኪራይ ቬሎ ላይ ይሄን እንዳታስቢው፣ መያዣሽ ይበላል።

ሥርዓቱ የት እንደሚፈፀም ሳያስቡ መምረጥ

በተክሊል የምታገቢ ከሆነ ከላይ ካባ ትደርቢያለሽ፣ አክሊል ትደፊያለሽ። እንግዲህ ያ ስንት ብር የወጣበት የጀርባ ዲዛይን ካባ ስር ነው፣ ትከሻ ላይ የተነፋ እጅጌም ካባው ይጨፈልቀዋል። ሌላው ቤተክርስቲያን ውስጥ ጫማ ይወልቃል፣ ቬሎሽ በረጅም ታኮ ልክ የተቆረጠ ከሆነ ጫማው ሲወልቅ መሬት ይጎትትና የራስሽን ጫፍ እየረገጥሽ ነው የምትሄጂው። ለዚህ ከወገቡ ውስጥ የተደበቀ ማንጠልጠያ አሰፊና ቀሚሱን ለጊዜው ከፍ ታደርጊዋለሽ።

ለኒካህ ደሞ የዳንቴል እጅጌ ረጅም ስለሆነ ብቻ ሸፈነ አይባልም፣ ገበር ይግባበት። ሂጃብ የምታደርጊ ከሆነ ብርሽን አንገትጌ ጥልፍ ላይ አታፍስሺው፣ ሂጃቡ ይጋርደዋል፣ እጅጌው ጫፍ፣ ወገቡና የቀሚሱ ታች ላይ አድርጊው። ቸርች የምታገቢም ብትሆኚ ትከሻና ጀርባ ላይ ምን እንደሚሉ ቀደም ብለሽ ጠይቂ፣ ሁሉም ጋ አንድ አይደለም።

መስታወት ፊት ቆሞ ብቻ መለካት

ትልቁ ስህተት ለኔ ይሄ ነው። ሙሽራዋ ትለብሳለች፣ ትቆማለች፣ ሚዜዎቿ ይጮሃሉ፣ አለቀ። ግን የኛ ሰርግ ቆሞ የሚያልፍ ሰርግ ነው እንዴ? ጠዋት ከቤት ስትወጪ ጉልበት ትስሚያለሽ፣ አባትሽን እናትሽን ብቻ መስሎሽ እንዳይሆን፣ አጎት አለ፣ አክስት አለ፣ የሰፈር ሽማግሌ አለ፣ ከሻሸመኔ የመጣ ዘመድ አለ፣ ለእያንዳንዱ ጎንበስ ቀና ነው። ደረቱ በጣም ወደታች የተከፈተ ቬሎ ስትጎነበሺ ይከፈታል፣ ካሜራው ደሞ ልክ ፊትሽ ላይ ነው። ኮርሴቱ ውስጥ ያለው ጠንካራ ነገር ረጅም ከሆነ ሆድሽን ይወጋሻል፣ ወገብ ላይ ትልቅ ሪቫን ካለ ይጨማደዳል።

ከዛ አዳራሽ። ከትከሻ የወረደ እጅጌ ክንድሽን ከጎንሽ ጋር ያስረዋል፣ ኬክ ለማጉረስ እጅሽን ስታነሺ ቬሎው በሙሉ አብሮሽ ይነሳል። እስክስታ እንዴት ልትወርጂ ነው በዚህ? የኦሮምኛ ዘፈን ሲለቀቅስ ቁጭ ብለሽ ልታሳልፊው ነው? ሜርሜድ (እስከ ጉልበት ጠቦ ከታች የሚሰፋው) ከሆነ ጉልበትሽ ጋ ጠቦ ስለሚይዝሽ መኪና ውስጥ መግባት ራሱ ስራ ነው፣ ወይ የሚሳብ ጨርቅ ይሁን ወይ ከኋላ ክፍት ይኑረው። እና ስትለኪ እንዲህ አድርጊ፦ ዱካ ላይ ቁጭ በይ፣ እስከ ጉልበት ጎንበስ በይ፣ እጅሽን ወደላይ አንሺ፣ ትከሻሽን አርግፊው፣ ሽንት ቤትም እንዴት እንደምትገቢ ከሚዜሽ ጋር ሞክሩት (ሳቂ ሳቂ፣ ያኔ ግን አትስቂም)። የዛን ቀን የምታደርጊውን የውስጥ ልብስና ጫማ ይዘሽ ሂጂ፣ ጀርባው ክፍት ቬሎ በተራ ጡት ማስያዣ ተለክቶ ምንም አይታወቅም።

የጅማን ሰማይና መሬት መርሳት

ከተማችን በዓመት 1500 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ናት። ጥር ብታገቢ ደህና ነው፣ ግንቦት ከሆነ ግን ዝናቡ ፕሮግራም አይጠይቅም፣ ጭቃው ደሞ ቀይ ነው። ላባ ሲረጥብ ይሟሽሻል፣ እውነተኛ ሐር ላይ የውሃ ጠብታ ምልክቱን ትቶ ይደርቃል፣ ፖሊስተር ሳቲን ይሻላል። ፎቶ ለመነሳት ጅሬን አባ ጅፋር ቤተ መንግስት መውጣት የማይቀር ነው፣ እዛ ያለው ደረጃና በረንዳ ግን እንጨት ነው፣ ሦስት ሜትር የሚጎተት ቱል (ስስ መረብ መሰል ጨርቅ) እንጨት ላይ ይያዛል፣ ሣር ላይ ደሞ ሁሉን ለቅሞ ይመጣል። ጭራው የሚነቀል ይሁን፣ ካልሆነ ከጀርባ ወደላይ የሚይዙት ቁልፎች ይሰፉለት። ጭቃ ከነካው እንደረጠበ በሶፍት አትሺው፣ ይሰራጫል፣ ይድረቅና በብሩሽ ይራገፋል።

ሁሉንም አንድ ላይ መፈለግ

ኬፕ፣ ላባ፣ ሪቫን፣ ቀለም፣ ክፍት ጀርባ፣ ሁሉም አንድ ቬሎ ላይ። አንዱን ምረጪ። ኬፑ ከሆነ የመረጥሽው ሌላው ዝም ይበል፣ ከባድ የአንገት ጌጥም ተዪ።

ጥለትን ያለቦታው ቬሎ ላይ ማስገባት

ጥለት ያለው ቬሎ አሁን በጣም ተፈላጊ ሆኗል፣ ለመልስም ያምራል። ግን ጥለት ቀጥ ብሎ የተሸመነ ስለሆነ ክብ ጫፍ ላይ ሲሰፋ ይጨማደዳል፣ ወገብ፣ እጅጌ ጫፍ ወይም መሃል ፊት ላይ ቀጥ ብሎ ቢወርድ ነው የሚያምረው። ሸማው ሳይቆረጥ በፊት ውሃ ይንካው፣ ተሰብስቦ ያጥራል እኮ። ቀለሙም እንዳይለቅ ትንሽ ቦታ ላይ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ፈትኚው። ከሽሮ ሜዳ የምታዢ ከሆነ ከቬሎው ላይ ቁራጭ ላኪላቸው፣ ነጭ ሁሉ አንድ ነጭ አይደለም፣ ክሬም ቬሎና ደማቅ ነጭ ሸማ ጎን ለጎን ሲሆኑ ቬሎው ያረጀ ይመስላል።

አለባበሱን ሚዜ አለማስተማር

ከጀርባ በገመድ የሚታሰረው ከዚፕ ይሻላል፣ ብትከሺም ብትወፍሪም ይስተካከላል፣ ዚፕ ግን ምህረት የለውም። ማሰሩ ግን ጊዜ ይወስዳል፣ መጨረሻ ልኬት ላይ ሚዜሽ ራሷ ትሰርሽና በስልኳ ትቅረፀው። ጀርባው ላይ ተደርድረው የሚያምሩት ትናንሽ ቁልፎች ካሉ ደሞ ከስራቸው ዚፕ እንዳለ ጠይቂ። ከሌለ ማታ የሚፈታልሽ ባልሽ ነው፣ እሱ ደሞ ደክሞታል፣ ቁልፎቹ ምስር ያክላሉ፣ ሁለተኛው ላይ ነው መቀስ የሚጠይቅሽ፣ ቬሎው ደሞ በመያዣ የተከራየሽው፣ በማግስቱ የሚመለስ ነው።